ለጫጩት ቤት ማሞቂያ በስልክ የሚታይ ቴርሞስታት እንዴት ይመረጣል?

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ 200 የአንድ ቀን ሳሶ ጫጩት አስገብቼ ነበር። ቤቱ ጅማ ካለው ግቢዬ ጀርባ ያለ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ማሞቂያውን በስልክ ከሚታዘዝ ሶኬት ጋር አገናኘሁ፣ ሙቀት የሚለካ ትንሽ ሴንሰር ለብቻው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ፣ አፑ ላይ «ከ32 ሲወርድ አብራ፣ ከ34 ሲያልፍ አጥፋ» ብዬ ሞላሁና ለሥራ ወደ አጋሮ ሄድኩ። ማታ ስልኬን ሳየው 33 ይላል። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የደወሉልኝ ጎረቤቴ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ጫጩቶችህ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮሁ ነው ያደሩት፤ በሩን ልክፈተው እንዴ?» አሉኝ። «እባክዎ እማማ፣ ይክፈቱልኝ» አልኳቸው። ጫጩቶቹ ጥግ ላይ ተደራርበው፣ ከሥር የነበሩት ታፍነው ሞተዋል። ማታ ያየሁት 33 ኢንተርኔቱ ከመቋረጡ በፊት የተላከው የመጨረሻ ቁጥር ነበር። ሶኬቱ ደግሞ «ጠፍቷል» ላይ እንዳለ ቀርቷል፤ «አብራ» የሚለው ትእዛዝ ከውጭ ስለሚመጣ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ዕቃ የሚገዛ ሰው ሲያማክረኝ ከዋጋም ከሞዴልም በፊት የምለው አንድ ነገር ነው፦ ስልኩ ዓይናችሁ ይሁን እንጂ የማሞቂያው አእምሮ አይሁን። ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሙቀቱን እያነበበ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው ዕቃ፣ ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም ሥራውን ራሱ መሥራት አለበት። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ እንዴት ትለዩታላችሁ?

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው ሴንሰሩ በሽቦ ቀጥታ ዕቃው ውስጥ የሚሰካበት ነው። ሙቀቱን የሚያነበውም፣ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋውም ያው ዕቃ ነው፤ ዋይፋዩ የሚያስፈልገው ለእናንተ ወሬውን ለማድረስ ብቻ ነው። ሁለተኛው እኔን ጉድ የሠራኝ ነው። ሴንሰሩ ለብቻ፣ ሶኬቱ ለብቻ ሆኖ፣ ሁለቱን በኢንተርኔት የሚያገናኛቸው ሩቅ አገር ያለ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ነው። ሁለተኛው ይረክሳል፣ ሲያዩትም ያምራል። ሳሎን ውስጥ ለቴሌቪዥንና ለመብራት ምንም አይልም። ነፍስ ላለው ነገር ግን አትግዙት።

መለያው ቀላል ነው። ዕቃው ላይ የሴንሰር ቀዳዳ ወይም ከውስጥ የወጣ ረጅም የሴንሰር ሽቦ አለ? ሙቀቱን ያለ ስልክ የምታስተካክሉበት ቁልፍና ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን አለው? ሁለቱም ካሉ ተስፋ አለው። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ እዚያው ሞክሩት። 30 ዲግሪ ላይ ሙሉትና ራውተሩን ወይም ዋይፋዩን አጥፉ። ከዚያ የሴንሰሩን ጫፍ በመዳፋችሁ ጨብጡት፣ መዳፋችሁ ከቀዘቀዘም ትኩስ ሻይ ያለበት ብርጭቆ ላይ ከውጭ አስጠጉት። 30ን ሲያልፍ ውስጡ «ቀጭ» ካለና ካጠፋ፣ ስትለቁትና ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ «ቀጭ» ብሎ ካበራ፣ ዕቃው በራሱ ያስባል ማለት ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ ዕቃ ማስታወቂያው ምንም ቢል ተዉት።

በስም ካስፈለገ፣ ሶኖፍ የሚያወጣው ቲኤች የሚባለው ዓይነት ሴንሰር የሚሰካበት ነው፤ 16 እና 20 አምፔር ሆኖ ይገኛል። ኢንክበርድ አይቲሲ-308 የሚባለው ባለ ዋይፋዩ ደግሞ ሁለት ሶኬት አለው፤ አንዱ ለማሞቂያ፣ ሌላው ለማቀዝቀዣ። እሱ ላይ ኤሌክትሪሺያን እንኳ አያስፈልግም፣ መሰካት ብቻ ነው። ሌሎችም በስማርት ላይፍ አፕ የሚሠሩ ብዙ ዕቃዎች አሉ። ስሙ ሳይሆን ፈተናው ይወስን።

የክፍል ቴርሞስታት ብላችሁ እንዳትሳሳቱ

ኦንላይን ስትፈልጉ ቀድመው የሚመጡት ለአውሮፓ ቤቶች የተሠሩ ናቸው። እዚያ ብዙ ሰው ቤቱን የሚያሞቀው በጋዝ ቦይለር (ውሃ አሙቆ በቧንቧ ወደ ክፍሎቹ በሚልክ ማሞቂያ) ወይም ከተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ በሚሠራ የፔሌት ምድጃ ነው። ቴርሞስታቱም ለዚያ የተሰፋ ልብስ ነው። ብዙዎቹ የሚሞሉት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ብቻ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት የሚፈልገው ከ32 እስከ 35 ስለሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ዕቃው ጫፉ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ቢያንስ እስከ 50 የሚሞላ ፈልጉ።

ሌላው ችግር መውጫው ነው። የቦይለርና የፔሌት ምድጃ ቴርሞስታት ኃይል አያስተላልፍም፤ ለምድጃው «ጀምር» የሚል ምልክት ሁለት ሽቦ በማገናኘት ብቻ ይሰጣል። ውስጡ ያለው ሪሌ፣ ማለትም መስመሩን የሚያገናኝና የሚያቋርጠው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ብዙ ጊዜ 3 አምፔር ነው። እሱ ላይ 1000 ዋት ማሞቂያ ብትሰቅሉበት ይቀልጣል። ገበያ ላይ የሚታየው ቢኤችቲ-002 የሚባለው የግድግዳ ቴርሞስታት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ መልኩ አንድ ሆኖ ሦስት ዓይነት ነው። ጂኤ የሚለው ለሙቅ ውሃ ቧንቧ ቫልቭ፣ ጂቢ የሚለው ለኤሌክትሪክ ማሞቂያ ባለ 16 አምፔር፣ ጂሲ የሚለው ለቦይለር። ሻጩ ራሱ ላያውቀው ይችላል። ከካርቶኑ ጀርባ እናንተ አንብቡት።

እግረ መንገዳችሁን ቮልቱንም እዩ። ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣ ዕቃ አንዳንዱ 110 ቮልት ብቻ ነው። የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። 110 ብቻ የሚለውን እዚህ ሰካችሁት ማለት አቃጠላችሁት ማለት ነው።

ማሞቂያችሁን አስሉ

ዋቱን ለ220 አካፍሉ፣ አምፔሩን ታገኛላችሁ። ባለ 250 ዋት ቀይ ኢንፍራሬድ አምፖል አራት ካላችሁ 1000 ዋት ነው፤ ለ220 ሲካፈል 4.5 አምፔር ይሆናል። ባለ 10 አምፔሩ ዕቃ ይችለዋል። 2000 ዋት ማሞቂያ ከሆነ ግን 9.1 አምፔር ነው። ባለ 10 አምፔሩ «እችላለሁ» ይላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ጫፍ ላይ ሆኖ ሲሠራ ግን ይግላል፣ የሪሌው ጥርስም ቀስ በቀስ ይቃጠላል። ስለዚህ ዕቃው ላይ ከተጻፈው 80 በመቶ አትለፉ። ከ2500 ዋት በላይ ከሆነባችሁ መሐል ላይ ኮንታክተር ይግባ፤ ቴርሞስታቱ ኮንታክተሩን ብቻ ያዛል፣ ትልቁን ኃይል ኮንታክተሩ ይሸከማል። ኮንታክተር፣ ብሬከርና 2.5 ካሬ ሽቦ ጅማ መርካቶ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች አይጠፋም።

ስለ አምፖሎቹ አንድ ነገር። ቴርሞስታቱ ቀዩን አምፖል ሲያጠፋው ቤቱም ይጨልማል። ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃና መኖውን የሚያገኘው በዓይኑ ነው፣ ድንገት ሲጨልምበት ደግሞ ይደነግጣል። ከቴርሞስታቱ ጋር ያልተገናኘች አንዲት ትንሽ ኤልኢዲ አምፖል ለብቻዋ ይኑር። ብርሃን የማይሰጠውን ባለ ሴራሚክ ማሞቂያ ካገኛችሁ ደግሞ ለቴርሞስታት ከሁሉም የሚስማማው እሱ ነው፤ ቶሎ ቶሎ መብራትና መጥፋት እንደ አምፖል ዕድሜውን አይበላውም።

ዋይፋይ ወይስ ሲም ካርድ?

እነዚህ ዕቃዎች አብዛኞቹ የሚይዙት 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው። ራውተራችሁ 2.4ም 5ም ጊጋኸርዝ የሚያወጣ ከሆነ 2.4ቱን ለብቻ ስም ስጡት። ከዚያ ስልካችሁን ይዛችሁ ጫጩት ቤት ግቡና በሩን ዝጉ። ቴርሞስታቱ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ቆማችሁ የዋይፋዩን ጉልበት እዩ። በሩ ክፍት ሆኖ መለካት ዋጋ የለውም። ጭቃ ግድግዳ ዋይፋይ ያሳልፋል፣ ቆርቆሮ ግን ይመልሳል። ዙሪያው በቆርቆሮ የተሠራ ቤት ከሆነ ራውተሩ አሥር እርምጃ ላይ ሆኖ እንኳ ላይገባ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ሌላ ትንሽ ራውተር በመስኮቱ በኩል አስጠጉ።

አንዳንድ ሰው በስልኩ ሆትስፖት ያገናኘዋል። ሲሞክረው ይሠራል። ሰውዬው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ሐሙስ ገበያ ሲሄድ ግን ዋይፋዩም አብሮት ይሄዳል። ቤት የሚቀር ነገር ያስፈልጋል። የራሱ ባትሪ ያለው ባለ ሲም የኪስ ዋይፋይ ጥሩ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ወዲያው አይሞትም።

ቤታችሁ ከከተማ ወጣ ያለ ከሆነ ወይም ዋይፋይ ጭራሽ ከሌለ፣ በሲም ካርድ የሚሠራ ቴርሞስታት አለ። አፕ ሳይሆን ኤስኤምኤስ ይልክላችኋል። ሙቀቱ ሲወርድ፣ መብራት ሲጠፋ፣ መብራት ሲመጣ። ውስጡ ትንሽ ባትሪ እንዳለው ጠይቁ፤ ባትሪ ከሌለው «መብራት ጠፋ» የሚለውን መልእክት ራሱ መላክ አይችልም። ሲሙ ውስጥ ሁልጊዜ ሂሳብ ይኑር። እኔ ከተማ ውስጥ ላለ ሰው ዋይፋዩን፣ ራቅ ላለ ሰው ሲሙን እመርጣለሁ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

እኛ ጋ ዋናው ፈተና ይህ ነው፣ ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፣ ቤት ስትደርሱም ሞክሩ። ዕቃውን ሙሉት፣ አሠሩት፣ ከዚያ ከሶኬቱ ንቀሉት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሳችሁ ሰኩት። የሞላችሁት ሙቀት እንዳለ ነው? ማንም ሳይነካው ሥራውን ጀምሯል? አንዳንዱ መብራት ሲመጣ ጠፍቶ ይጠብቃል። ሌላው ሁልጊዜ በርቶ ይነሳና የሙቀት ገደቡን ይረሳል። አፑ ውስጥ «ኃይል ሲመለስ» የሚል ምርጫ ካለ፣ «ወደ ነበረበት» የሚለውን ምረጡ። ምርጫው ከሌለና ዕቃው ፈተናውን ከወደቀ መልሱት።

መብራት ሲመጣ የሚገባው ቮልት አንዳንዴ ከፍ ብሎ ነው። ብሬከሩ አጠገብ ከልክ ያለፈ ቮልት ሲመጣ የሚቆርጥና ሲስተካከል ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ የሚመልስ መከላከያ አስገቡ። ቴርሞስታቱንም ራውተሩንም ያድንላችኋል።

ሴንሰሩ የት ይቀመጥ?

ቴርሞስታት ምንም ያህል ውድ ቢሆን ሴንሰሩ የተሳሳተ ቦታ ካለ ዋጋ የለውም። ጫጩቶቹ የሚኖሩት መሬት ላይ ነው። ሴንሰሩም ከጉዝጓዙ በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በጫጩቱ ጀርባ ቁመት ይሁን። ሰው ቁመት ላይ የተሰቀለ ሴንሰር ጣሪያው ሥር የተጠራቀመውን ሙቅ አየር እያነበበ «ሞቋል» ብሎ ያጠፋል፤ ታች ያሉት ግን በርዷቸዋል።

ከአምፖሉ ቀጥታ ሥር አታድርጉት። ኢንፍራሬድ የሴንሰሩን ብረት ለብቻው ያግለዋል፣ አየሩ ሳይሞቅ 38 ሊል ይችላል። ከሞቃቱ መሐል ወደ ጠርዙ ፈቀቅ ይበል። በር አጠገብም አይሁን። ከውሃ መጠጫቸው ይራቅ፣ እንዳይቆርጡትም ሽቦውን ቱቦ አልብሱት።

ከመስቀላችሁ በፊት ልኩን ፈትሹ። ብርጭቆ ሙሉ የተሰባበረ በረዶ ላይ ጥቂት ውሃ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ ውሃ የማይገባው ዓይነት ሴንሰር ከሆነ ጫፉን ጥቂት ደቂቃ ንከሩት። 0 ወይም በጣም የቀረበ ቁጥር ማንበብ አለበት። 1.5 ካለ አፑ ላይ ማስተካከያ በሚለው ቦታ ከንባቡ 1.5 ቀንሱ። በፈላ ውሃ ለመፈተሽ የምትፈልጉ ደግሞ 100 አትጠብቁ፤ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1700 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ግድም ላይ ነው። በበረዶ መፈተሹ ይሻላል።

ስልኩ ላይ የሚሞላው

የሚበራበትና የሚጠፋበት ልዩነት 1 ዲግሪ ይሁን። ከዚያ ካነሰ ሪሌው በየደቂቃው «ቀጭ ቀጭ» ሲል ይውላል፣ ከ2 ከበለጠ ደግሞ ጫጩቶቹ ይሰማቸዋል። ማንቂያውን ከሞላችሁት በ3 ዲግሪ ዝቅና በ3 ዲግሪ ከፍ ላይ አድርጉት። ከሁሉ በላይ «ግንኙነት ተቋርጧል» የሚለው ማንቂያ መከፈቱን አረጋግጡ፤ ያን ሌሊት ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ እኔን ያድነኝ ነበር። ቁጥሩን ስታዩ ሰዓቱንም እዩ፣ መቼ የተላከ ቁጥር ነው?

ቴክኖም ሆነ ኢንፊኒክስ ወይም ሳምሰንግ ስልካችሁ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ አፑን ከጀርባ ይዘጋዋል፣ ማንቂያውም አይደርሳችሁም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የዚያን አፕ የባትሪ ገደብ አንሱ። ሌሊት ስልኩን ድምፅ አልባ የምታደርጉ ከሆነ ለዚህ አፕ ብቻ ድምፅ ፍቀዱ። አፑን ቤት ለሚውል ሰውም አጋሩ፣ ለባለቤታችሁ ወይም ለወንድማችሁ። እናንተ አጋሮ ሆናችሁ ብቻችሁን ብታዩት ማን ሮጦ ይደርሳል?

ሁለተኛ ጠባቂ

ሪሌ ሲያረጅ ሁለቱ ጥርሶቹ ይጣበቃሉ። ያኔ ቴርሞስታቱ «አጥፍቻለሁ» እያለ ማሞቂያው ይነዳል። ሰጋቱራ ጉዝጓዝ ባለበት ቤት ይህ የእሳት ጉዳይ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ኤስቲሲ-1000 የሚባለውን ስልክ የማያውቅ ተራ ቴርሞስታት ከዋናው ጋር በተከታታይ ግጠሙት። ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) መጀመሪያ በእሱ፣ ቀጥሎ በዋናው አልፎ ወደ ማሞቂያው ይሂድ። እሱን 38 ላይ አጥፋ በሉት። ዋናው በትክክል እየሠራ እያለ እሱ ምንም አይሠራም፣ ዋናው ሲጣበቅ ግን ይቆርጣል። የራሱ ሴንሰር አለው፣ ያንንም ከዋናው ሴንሰር አጠገብ አድርጉት። ይህንን ኤሌክትሪሺያን ይግጠምላችሁ፤ ግራውንዱንም እግረ መንገዱን ይፈትሽ።

ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው በፊት

ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ባዶውን ቤት አሙቁ። አንዱን ሌሊት እንዳለ ተዉትና ጠዋት አፑ ላይ ግራፉን እዩ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ጅማ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። ንጋት ላይ ማሞቂያው ሳይጠፋ እየሠራ ቁጥሩ ከ30 ካልወጣ ጥፋቱ የቴርሞስታቱ አይደለም። ማሞቂያው አንሷል ወይም ንፋስ ይገባል። በሁለተኛው ሌሊት ዋይፋዩን አጥፍታችሁ እደሩ። ጠዋት ቤቱ ሞቆ ካገኛችሁት ጫጩቶቹን ማዘዝ ትችላላችሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት 33 ላይ ጀምሩ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ቀንሱ። 21 ግድም ሲደርስ፣ አምስተኛው ሳምንት ላይ ማለት ነው፣ ላባቸው ሞልቶ በራሳቸው ይችላሉ። ቁጥሩን ብቻ አትመኑ፣ ጫጩቶቹን እዩ። ማሞቂያው ሥር ከተከመሩ በርዷቸዋል። ክንፋቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከፍተው ከራቁ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከሄዱ ከሌላው ጎን ንፋስ አለ። ተበታትነው የሚበሉና የሚተኙ ከሆነ ቁጥሩ 31ም ይሁን 34 አትንኩት።

በመጨረሻ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ። የእኔ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «መብራት ከጠፋ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ካልመጣ ትኩስ ውሃ የሞላ ጀሪካን በጆንያ ጠቅልላችሁ መሐላቸው አስቀምጡ፣ ዙሪያውን በካርቶን አጥብቡት። ከሰል ይዛችሁ አትግቡ፣ ሽታ የሌለው ጭሱ እነሱንም እናንተንም ይገድላል። ከዚያ ደውሉልኝ።» ከሥሩ ስልክ ቁጥሬ አለ። የቤቱን ቁልፍ ቅጂም ለእማማ ሰጥቻቸዋለሁ።